የዳማው የዘር ሐረግ

ሰው ሁሉ አንድ የማይጠቅመው እውቀት አያጣም። የእኔ የአንድ የጃፓን መኪና ፋብሪካ ታሪክ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አገሩ በሙሉ የሚነዳው የሱን ስለሆነ ብጠራውም ባልጠራውም ያው ነው። የትኛው ሞዴል ከየትኛው በኋላ እንደመጣ፣ የትኛው ሞተር የትኛውን እንደተካ፣ ክብ የነበረው የፊት መብራት በየትኛው ሞዴል ላይ አራት ማዕዘን እንደሆነ ጠይቁኝ። መንዳት እችል እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ብስክሌት ሞክሬ የተገኘሁት የጎረቤት ጎመን ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ መልሴ ከብርድ ነው። እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ፤ ሙቀት የለመደ ገላ ነው ያለኝ። ዕጣዬ ጎትቶ መሐል ሜዳ ከተማ አመጣኝና ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አስከፈተኝ። እዚህ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ፎቶ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው የለም። ቢኖርም መብራት የለም። ስለዚህ ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬ ላይ ስለ ሞተር አነባለሁ። ሌላው ሰው በዚህ ብርድ አረቄ ይጀምራል፤ እኔ ሞተር ጀመርኩ። ልዩነቱ አረቄ የጀመረ ሰው ጓደኛ አያጣም። እኔ ግን «ታውቃለህ?» ብዬ አፌን ስከፍት የመናኸሪያው ሰው በሙሉ ድንገት የሚሄድበት ጉዳይ ትዝ ይለዋል።

ሳይሸሹ የሚሰሙኝ ጋሽ ተክሌ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ተክሌ ዕድሜያቸውን ከመሐል ሜዳ ሞላሌ፣ ከሞላሌ ደብረ ብርሃን በግና ገብስ ጭነው ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። መኪናቸው አሮጌ ፒክአፕ ነው። ድሮ ቀይ ነበር፤ ፀሐይና ውርጭ ተጋግዘው ቀለሙን የዳማ ፈረስ ስላስመሰሉት «ዳማው» ይሉታል። ከዳማው ጋር ያወራሉ። ዳገት ላይ «አይዞህ» ይሉታል፣ ቁልቁለት ላይ ይቆጡታል። ዕቃ ላመጣ ደብረ ብርሃን ስወርድ ጋቢና ያስቀምጡኝና «በል እስቲ ያንን ታሪክ» ይሉኛል።

እኔ ቶሎ ወደ ሞተሮቹ ለመድረስ እቸኩላለሁ። እሳቸው ግን «ከመጀመሪያው ጀምር» ይላሉ። መጀመሪያው ደግሞ መኪና አይደለም፤ ሽመና ነው። የፋብሪካው ቤተሰብ ስለ መኪና ከማሰቡ በፊት የሽመና ማሽን ይሠራ ነበር። አባትየው አንድ ክር ሲበጠስ በራሱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ማሽን ፈለሰፈ፤ ልጁ በኋላ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። እኔ ይህን ክፍል እንደ መግቢያ ነው የማየው፤ ቶሎ ላልፈው እፈልጋለሁ። ጋሽ ተክሌ አያሳልፉኝም።

«ድገማት እስቲ። ክሩ ሲበጠስ ምን ይላል?»

«ቀጥ ይላል ጋሼ።»

«ቀጥ ይላል!» ይሉና መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። «አይ ብልሃት! ልጁስ? በአባቱ ሥራ አላፈረም?»

«ለምን ያፍራል ጋሼ? ለመኪናው መነሻ የሆነው የአባቱ ሥራ ነው።»

«በል ድገማት።»

ሞላሌ ስንደርስ ገና ከሽመና አልወጣንም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መንገዱ ስለሚያናውጥ ምላስ ይነከሳል እንጂ አይወራም። በዚህ ዓይነት ለጋሽ ተክሌ ስለ ናፍጣ ሞተር አንድ ቀን እንኳ በሥርዓቱ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሲቆጨኝ የኖረው ይኸ ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ የጠና ሰሞን ሳል ያዛቸው። ጋሽ ተክሌ አልጋ ላይ፣ ዳማውም ግቢያቸው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ዋሉ። እኔ ሁልጊዜ የከፋውን የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ የቤተሰቤ ሰው ሲያነጥሰው እንኳ ጥቁር ልብሴ የት እንዳለ አስባለሁ። የሳቸውን ሞት ግን አልጠበቅሁትም ነበር። አንድ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ «ማን ሞተ?» ብዬ በር ላይ ስወጣ፣ ጡሩምባ ነፊው ወደ እኔ ቤት ሲያይ ፊቱን አዞረ። ያኔ ገባኝ። ቤቴ ተመልሼ ገባሁና ጫማዬን የግራውን በቀኝ አድርጌ ወጣሁ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ከሚያለቅሱት መሃል ብድግ ብለው ክንዴን ያዙና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ስማኝ ልጄ፣ ወንድሞቼ እነመንገሻ ዛሬ ይመጣሉ» አሉኝ። ድምፃቸው በልቅሶ ሻክሯል፤ ዓይናቸው ግን የሚያስፈራ ነገር አለው። «ተክሌን ካገባሁ ጀምሮ ዘር የለው፣ ፈረስ የለው ሲሉት የኖሩ ናቸው። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይስቃል። እዚህ አገር ጌታ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ የለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል። ያባቴ ዞሯል። የተክሌ ፈረስ ደግሞ ያውልህ።»

ጣታቸው ወደ ዳማው አመለከተ። ዳማው ባሕር ዛፍ ሥር አንድ ጎማው ተንፍሶ፣ መስታወቱ ላይ ቅጠል ረግፎበት ቆሟል።

«ቀብሩ አልቆ ሰው ወደ ሜዳው ሲወጣ እንዲገባልኝ እፈልጋለሁ። ተጎትቶ አይደለም። ፈረስ ተጎትቶ ለቅሶ አይገባም። በራሱ እግር ይግባ። እነመንገሻ ዓይናቸው እያየ ይግባ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ መካኒክ አይደለሁም።»

«መካኒኩማ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። አንተ ዘሩን ታውቀው የለ? ይበቃል። ለበላይነሽም ንገራት፤ ፈረስ ዘሩ ሳይጠራ አይለቀስም።»

እትዬ በላይነሽ የአካባቢው አልቃሽ ናቸው። ሳቸው ሙሾ ካላወረዱ ሰው በደንብ የሞተ አይመስለውም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን በትኩስ ውሃ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሁሉ ኀዘን መሃል ልቤ ትንሽ ዘለለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የሞተር ታሪክ ንገረኝ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው።

ጀመርኩ። ለደንቡ ያህል ከሽመናው ተነሣሁ፣ ክር ሲበጠስ ቀጥ የሚለውን ጠቀስኩ፣ ቶሎ አለፍኩት። ወደ መጀመሪያዋ ትንሽ የቤት መኪና መጣሁ። ጫካና ተራራ ወደሚወጣው ጂፕ መሰሉ ተሻገርኩ። ከዚያ ፒክአፑ እንዴት እንደተወለደ፣ መጀመሪያ በቤንዚን ይሄድ እንደነበር፣ ከዚያ ናፍጣ እንደመጣለት ተናገርኩ። ሞተሮቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ ተለወጠ።

«ቱ ኤል የሚባል መጣ። እሱን ስሪ ኤል ተከተለው፤ የዳማው ይኸ ነው። ከሱ በኋላ ፋይቭ ኤል መጣ።»

«ቆይ» አሉኝ እትዬ በላይነሽ። «ፋይቭ ስንት ነው?»

«አምስት።»

«ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። አራተኛውስ?»

«አራተኛ የለም እትዬ። ዘለሉት።»

«በሕፃንነቱ ሞተ?»

«አልተወለደም። እነሱ አገር አራት ቁጥር ከሞት ጋር ስሙ ስለሚቀራረብ ይፈሩታል ይላሉ። ለዚህ ይሁን ለሌላ እርግጠኛውን አላውቅም።»

እትዬ በላይነሽ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሾተላይ ነዋ! ጃፓንም ሾተላይ አለ? እናቲቱ እንዴት ሆነች?»

ሞተር እናት እንደሌለው ላስረዳ ሞከርኩ። እሳቸው ግን ላልተወለደው ሞተር አንድ ሁለት ዘለላ እንባ አፍስሰው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። በኋላ ብቻዬን ሳስበው እኔንም ከፋኝ። እነዚያ ብልሆች ሞትን ከሞተር ስም ላይ አስወጥተውት ከሆነም ምን ጠቀማቸው? ስሪ ኤል የሚነዱት ሰው ይኸው ሞቱ።

«እንግዲህ ያቺን የሽመናዋን ድገምልኝ» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«እሷ መግቢያ ናት እትዬ። ዋናው ሞተሩ ነው።»

«ድገም ስልህ ድገም።»

ደገምኩ። በረጅሙ አዩኝና «ተክሌ ይህን ያውቅ ነበር?» አሉኝ። «በደንብ ነው እንጂ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ስሪ ኤል ጉልበት ልቀጥል ስል በእጃቸው ሂድ አሉኝ።

ቀብሩ ወጣ። የመናኸሪያው መኪና በሙሉ ለቀስተኛ ጭኖ ወደ ሚካኤል ሄደ። እኔና ጌታነህ ከዳማው ጋር ቀረን። ጌታነህ ጋሽ ተክሌ መንዳት ያስተማሩት የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ትዕግሥቱም አልቋል። የእትዬ ወርቄ የእህት ልጆች የጋሽ ተክሌን ካፖርት ከጋቢናው ጣሪያ ላይ አሰሩት፤ ባርኔጣቸውን መስታወቱ ላይ ሰቀሉ፤ ኋላውን በወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በባና አለበሱት። ተሸለመ። የቀረው መነሳቱ ነው።

«ክፈተዋ ኮፈኑን» አለኝ ጌታነህ።

ከፊት ሆኜ ታገልኩ። ከጎን ሞከርኩ። በጥፍሬ ሞከርኩ። ጌታነህ አየኝና በጋቢናው በር እጁን ሰድዶ አንድ ነገር ሳብ ሲያደርግ ኮፈኑ ዘሎ አገጬን መታኝ። አገጬን ይዤ ወደ ውስጥ አጎነበስኩ። ያን ሁሉ ዘመን በስልክ ያየሁት ሞተር አቧራና ዘይት ለብሶ ተቀምጧል። ስሙን ሳውቅ መልኩን ያላየሁት ዘመድ ነው።

«ስሪ ኤል ነው» አልኩ በኩራት። «ሁለት ነጥብ ስምንት ሊትር።»

«እሺ። ለምን አይነሳም?»

«ይህ ሞተር በብርድ ጊዜ አስቀድሞ መሞቅ ይፈልጋል።»

«በምን ይሙቅ? ባትሪው ሞቷል!»

«ባትሪው እንግዲህ የፋብሪካው አይደለም» አልኩ። ጌታነህ በመፍቻ ሊመታኝ አስቦ ለሟች ሲል የተወኝ ይመስለኛል።

ባትሪ የምንዋሰው መኪና በከተማው አልቀረም። ስለዚህ ጎማውን በእጅ ፓምፕ ነፋን፤ ገፍተን ለማስነሳት ተስማማን። ግን ማን ይግፋ? ወንዱ በሙሉ ቀብር ሄዷል። ወጥ የሚጠብቁ ሴቶች፣ መሄድ ያቃታቸው አንድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጌታነህና እኔ ብቻ ነን። ጌታነህ ጉልበቱ ስለሚያስፈልግ ከኋላ ሆነ። ጉልበት የሌለው ማን ነው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ አየ።

«ግባና መሪውን ያዝ» አለኝ ጌታነህ። «ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼልሃለሁ። ይቺን ፍሪሲዮኗን ረግጠህ ቆይ። ልቀቅ ስልህ ልቀቃት። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

ስለ ማስነሳት የነገረኝ ይኸ ነው። ስለ ማቆም ምንም አላለኝም።

ከግቢው ወጣን። ሴቶቹ እየገፉ ያለቅሳሉ፤ «ወይኔ ተክሌ!» ሲሉ ይገፋሉ፣ ሲተነፍሱ ያርፋሉ፣ እንደገና «ወይኔ ተክሌ!» ይላሉ። ዳማው በልቅሶ እንጂ በናፍጣ የሚሄድ አይመስልም ነበር። ንፋሱ የጋሽ ተክሌን ካፖርት እጅጌ እያነሳ በጋቢናው መስኮት በኩል ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል። ነካ ባደረገኝ ቁጥር «አቤት ጋሼ» እላለሁ።

ከሚካኤል በላይ ያለው ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ ከታች ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ሜዳው ላይ ክብ ሲሠራ አየሁ። ጌታነህ «ግፉ!» አለ። ዳማው ራሱ መንከባለል ጀመረ። «ልቀቅ!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ። ለቀቅሁ።

መኪናው ደንግጦ ዘለለ። እኔም ዘለልኩና ጣሪያው መለሰኝ። ጥቁር ጭስ ከኋላ ግም አለ፣ ከዚያ ስሪ ኤል ተናገረ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ጋሽ ተክሌ ዘመናቸውን ሙሉ ጎህ ሲቀድ መሐል ሜዳን የሚቀሰቅሱበት ድምፅ ነው። ደስ አለኝ። ደስታ ብዙ ስለማይጎበኘኝ ነው መሰለኝ ወዲያው ዋጋውን አስከፈለኝ፤ ዞር ስል ከኋላዬ የሚገፋ ሰው የለም። ጌታነህ ርቆ እጁን እያወናጨፈ አንድ ነገር ይጮኻል። እኔና ዳማው ብቻችንን ወደ ለቀስተኛው እየወረድን ነው።

ይህ ፒክአፕ ከየትኛው ሞዴል ጀምሮ የፊት ፍሬኑ እንደተለወጠ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ከእግሬ ሥር ካሉት ሦስት መርገጫዎች ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ጌታነህ ምንም አትንካ ስላለኝ እግሬን ሰብስቤ ወንበር ላይ አወጣሁ። የነካሁት ጡሩምባውን ብቻ ነው። ዳማው እየጮኸ ሜዳው ላይ ገባ። ሕዝቡ ተከፈለ። መሪውን ወደ አንድ ጎን አዞርኩ፤ መመለሱ ግን አቃተኝ። ስለዚህ ዳማው ዞረ። ክቡን ተከትሎ፣ ካፖርቱ እየተውለበለበ፣ ባናው ሣሩን እየጠረገ ዞረ።

ልቅሶው ቀለጠ። «እዩት ሲዞር! እዩት የተክሌ ፈረስ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በአገሩ ደንብ የተሸለመ ፈረስ እንዲህ ነውና የሚዞረው፣ መሪው እንደጠፋኝ የገመተ አንድ ሰው አልነበረም። «ወርቄ ምን ያለ ጎበዝ ነጂ አገኘች!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ እዚያ ውስጥ የማውቀውን ጸሎት ጨርሼ የማላውቀውን ጀምሬያለሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ እግሬን አወረድኩና ከሦስቱ አንዱን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ። ዳማው ተንዘፈዘፈ፣ ቀጥ አለ፤ ሞተሩም ጠፋ። የቆመው ከእትዬ ወርቄ ወንድሞች ፊት ነው። ከታላቁ ወንድማቸው ከጋሽ መንገሻ ጉልበት እስከ ዳማው አፍንጫ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ልወርድ የበሩን እጀታ ሳብኩ። አልከፈት አለ። የዳማው በር ከውጭ ካልሆነ እንደማይከፈት ያኔ ትዝ አለኝ፤ ጋሽ ተክሌ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ነበር የሚከፍቱት። እኔም እጄን በመስኮት ሰድጄ እጀታውን ብፈልግ አጣሁት፤ ባለሁበት ቀረሁ።

እትዬ በላይነሽ ክቡ መሃል ገቡ። እኔ ሞተሮቹን ጠበቅሁ። ቢያንስ ስሪ ኤል ይጠራል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ዳማው ዘርግተው እንዲህ አሉ፦

ዘሩ ከወዴት ነው የዳማው መኪና?
ክር ሲበጠስበት የሚቆም ሽመና።

ልቅሶው ድንገት ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ መንገሻ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ማነው እዚህ ሽመና ያነሳው?» አሉ። «ለቅሶ ላይ ሰው ይሰደባል?» ከኋላቸው ያሉት ታናናሽ ወንድሞቻቸውም አጉረመረሙ። ዓይን ሁሉ ወደ ጋቢናው ዞረ። ዘሩን የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ጥፋቴ አልገባኝም። የመርሐቤቴ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ፤ እዚህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።

እትዬ ወርቄ ተነሡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሱትም።

«አልተሰደበም!» አሉ። «የተክሌ አባት ሸማኔ ነበሩ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም እናንተ እንዳትሰሙ ብዬ ስንት ዘመን በገዛ ቤቴ ጮክ ብዬ ሳልጠራቸው ኖርኩ። ወንድም ጋሼ፣ ይኸ የለበሱት በርኖስ የማን እጅ ሥራ ነው?»

ጋሽ መንገሻ ወደ ራሳቸው ልብስ አጎንብሰው አዩ። ከአባታቸው የወረሱት፣ በበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር በርኖስ ነበር የለበሱት።

«አባታችን ለማን ከፍለው ነው ያሠሩት? ይንገሩኛ! አባታችን ሞቋቸው ሞቱ፣ እርስዎም በሱ ብርድ ሳይነካዎት ሸመገሉ። እናንተን ሲያሞቅ የኖረ እጅ ልጁን የሚያሳፍረው በምንድን ነው?»

ጋሽ መንገሻ የበርኖሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወለቁት። ከሥሩ የለበሱት ስስ ሸሚዝ ነው፤ በዚያ ብርድ ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሁለት እርምጃ ቀርበው በርኖሱን የዳማው ኮፈን ላይ አለበሱት፤ በእጃቸው አስተካከሉት፣ እጃቸውንም ከላዩ ላይ አቆዩት።

«ገና ይሞቃል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ከዚያ ሽማግሌው ትከሻቸው እየተናጠ አለቀሱ።

እትዬ በላይነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፦

አባት በክር ሠራ ልጁም በጎዳና፣
ወዲያ ወዲህ ማለት ያው ነበር ሽመና።

ያን ጊዜ የወረደውን ልቅሶ መሐል ሜዳ እስካሁን ያወራዋል። ጌታነህ ደርሶ ራሱን በዳማው ጎን ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። ከዚያ ሁሉ ሞዴልና ሞተር እትዬ በላይነሽ አንዱንም አልጠሩም፤ እኔም አልተቀየምኩም። በሩን የሚከፍትልኝ ሰው ስላልነበረ በጋሽ ተክሌ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መሪው እሳቸው መታ መታ የሚያደርጉበት ቦታ ላይ ልሟል። ሞላሌ እስክንደርስ ከሽመና አላስወጣ ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ የመኪና ታሪክ ሳወራ፣ እሳቸው በሰው ፊት የማይጠሩትን አባታቸውን ሲሰሙ ኖረዋል።

ወደ ጎን ዞር ብዬ ሁልጊዜ እኔ የምቀመጥበትን ባዶ ወንበር አየሁ።

«ቀጥ ይላል ጋሼ» አልኩ። «ክሩ ሲበጠስ ቀጥ ይላል።»